የገበያችን ፎቶ በማን እጅ ነው?

ገበያ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚጠፋው ዕቃው ነው። ቀጥሎ የሚጠፋው ማን የት፣ በምን ያህል ስፋት ይሠራ እንደነበር የሚያሳየው ማስረጃ ነው። የዳሬሰላሙ ካሪያኮ በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ የሐርጌሳው ዋሄን በመጋቢት 2014 ዓ.ም.፣ የመርካቶው ሸማ ተራ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በእሳት ተበልተዋል። የናይሮቢው ጊኮምባማ መቃጠሉን ልማድ አድርጎታል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚመጣውን ክርክር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። "የእኔ ከዚህ ምሰሶ እስከዚያ ነበር" የሚል አለ። "መተላለፊያውን ገፍተህ ነው የሠራኸው" የሚል ጎረቤት አለ። "እዚህ ላይማ መንገድ ነው የታቀደው" የሚል የከተማ ሹምም አይጠፋም። የኪራይ ደረሰኝ ስምና ገንዘብ ይናገራል እንጂ ቦታ አያሳይም።

ከዚህ የተነሳ "ገበያችንን በድሮን እናስነሳው" የሚለው ሐሳብ በየኮሚቴው እየተነሳ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኛን ያሳሰበን ወሬው ሁሉ ስለ ድሮኑ መሆኑ ነው፤ የቱ ሞዴል ይሻላል፣ ባትሪው ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ካሜራው ምን ያህል ጥራት አለው። ድሮኑ እኮ ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው። ፎቶውን ካርታ የሚያደርገው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፣ ገንዘቡም ጣጣውም ያለው እዚያ ነው። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ የነጋዴ ማህበር ለድሮን ካርታ ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ ሥራው በክፍት ፕሮግራም፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም በተገለጠ፣ ማንም ወስዶ በራሱ ማሽን ሊያሠራው በሚችል ፕሮግራም ይሠራ። ፎቶዎቹ ደግሞ ከማህበሩ እጅ አይውጡ።

ለምን እንዲህ እንደምንል አንድ ጉዳይ እናንሳ። በድንበር ከተማ ያለ የምናውቀው ማህበር (ነገሩ ገና ስላላለቀ ስሙን አንጠራም) የከብት ማሳደሪያውንና የመጋዘን ግቢውን በድሮን አስነሳ። ገንዘቡ ከየአባሉ የተዋጣ ነው። ሥራውን የወሰደው ድርጅት ጥሩ አድርጎ ሠራው፣ ይህን አንክድም። አጥሩ፣ የውሃ ገንዳው፣ የጭነት መኪና ማዞሪያው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያስረከበው ግን ሊንክ ነው። ሊንኩን ስልካችሁ ላይ ትከፍታላችሁ፣ ታያላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ዓመት ሲሞላ ሊንኩ አልከፍት አለ። ድርጅቱ ሲጠየቅ "የፕሮግራሙ የዓመት ክፍያ አልቋል፤ አድሱና እንከፍታለን" አለ። "እሺ፣ ያነሳችሁትን ፎቶ ስጡን" ሲባል "ከሰርቨር ላይ ተነስቷል" ሆነ መልሱ። በዚያው ዓመት የግቢው አጥር በአንድ በኩል ተገፍቶ ነበርና የድሮውን አጥር የሚያሳየው ያ ፎቶ ብቻ ነበር።

ድርጅቱ ሌባ ነው አንልም። ውሉ ላይ የተጻፈውን ነው የሠራው። ጥፋቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው፤ ገዛን ያሉት ነገር ለካ ኪራይ ነበር።

አሁን ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ። ድሮኑ በግቢው ላይ እንደሚያርስ በሬ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በመቶ የሚቆጠር ፎቶ ያነሳል። እያንዳንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ መደራረብ አለበት። ፕሮግራሙ በብዙ ፎቶዎች ውስጥ የሚታየውን ያንኑ ነጥብ፣ ለምሳሌ የአንድ ጣሪያ ጥግ ወይም የአንድ ድንጋይ ጫፍ፣ ይፈልግና ካሜራው የት ቆሞ እንዳነሳው ያሰላል። ከዚያ የግቢውን ቅርጽ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ነጥቦች ይሠራዋል። በመጨረሻም ፎቶዎቹን አስተካክሎ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ እንደታየ አንድ ትልቅ ምስል አድርጎ ይሰፋቸዋል። ከ100 ሜትር ከፍታ በተነሳ ፎቶ ላይ አንዷ የምስል ነጥብ 3 ሳንቲሜትር ያህል መሬት ብቻ ነው የምትይዘው፤ ስለዚህ የሱቅ በርና የሸራ ገመድ ሳይቀር ይለያል። በሳተላይት ፎቶ ላይ ሱቆቹ እርስ በርስ የተጣበቁ ቆርቆሮዎች ናቸው።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ታዋቂዎቹ የሚሸጡ ፕሮግራሞች ፒክስፎርዲ፣ ሜታሼፕ እና ድሮንዲፕሎይ ናቸው። መጥፎ አይደሉም። የሜታሼፕ ሙሉው ዓይነት አንዴ ተገዝቶ ለሁልጊዜ የሚቆይ ሲሆን ዋጋው ግን ከ3,000 የአሜሪካ ዶላር ያልፋል። ሌሎቹ በአብዛኛው በወር ወይም በዓመት የሚከፈልባቸው ናቸው። ናይሮቢ ያለ ሰው በካርድ ይከፍል ይሆናል፤ አዲስ አበባ ወይም ሞያሌ ያለው ነጋዴ ግን በየወሩ ዶላር የሚቆርጥ ካርድ ከየት ያመጣል? ለዕቃ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት የምናየውን አበሳ ለሶፍትዌር ልንደግመው ነው?

ሁለተኛው ችግር ኢንተርኔት ነው። ብዙዎቹ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ፎቶውን ወደ ውጭ ሰርቨር ላኩ ይላሉ። 250 ፎቶ፣ አንዱ 8 ሜጋባይት ቢሆን፣ 2 ጊጋባይት ነው። ይህን ከድንበር ከተማ በሞባይል ዳታ ለመጫን የሞከረ ያውቀዋል፤ ዘጠና በመቶ ላይ ደርሶ ይቋረጥና ከዜሮ ይጀምራል።

እዚህ ላይ "ታዲያ ክራክ የተደረገውን በፍላሽ ማምጣት ነው" የሚል እንዳለ እናውቃለን። አለ፣ ይሠራልም። ነገር ግን ከኮምፒውተር ሠፈር በፍላሽ የመጣ ፕሮግራም ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም፤ ያው ማሽን ላይ ደግሞ የማህበሩ የባንክ ሰነድ አለ። ከዚያ በላይ፣ ያ ካርታ አንድ ቀን ለኢንሹራንስ ወይም ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ከሆነ "በምን ሠራችሁት?" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በተሰረቀ ፕሮግራም የተሠራ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ለተከራካሪያችሁ ጠበቃ ሥራ ማቅለል ነው።

ክፍት የሆኑት ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ ለእኛ ሥራ የሚሆነው ግን ጥቂቱ ነው። ማይክማክ የፈረንሳይ ብሔራዊ የካርታ ተቋም የሠራው ነው። እጅግ ትክክለኛ ነው ይባልለታል፤ ነገር ግን ትእዛዝ እየጻፉ የሚያሠሩት ነውና ለኮሚቴ ጸሐፊ አንመክረውም። ሜሽሩም ሐውልት ወይም ሕንጻ በሦስት ገጽታ ለመሥራት ያምራል፤ የተለየ የምስል ካርድ ይፈልጋል፣ ካርታ ሠርቶ ማስረከብም ዋና ሥራው አይደለም። ኮልማፕ የተመራማሪዎች ነው። እኛ የምንመርጠው ኦፕንድሮንማፕን ነው፤ ከእሱም በላይ በአሳሽ መስኮት የሚከፈተውን ዌብኦዲኤምን። ኦፕንድሮንማፕ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ ፕሮጀክት ሲሆን ከድሮን ፎቶ ካርታ ለመሥራት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ፎቶዎቹን ትመርጣላችሁ፣ አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ።

መጠበቁ ላይ ግን እንነጋገር፤ "ነጻ ነው" የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ፕሮግራሙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማሽን ይጠይቃል። 40 ፎቶ ለመሥራት 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል። ለ250 ፎቶ 16 ጊጋ፣ ለ500 ፎቶ 32 ጊጋ ይመከራል። 250 ፎቶ ከ100 ሜትር ከፍታ ከተነሳ 15 ሄክታር የሚያህል ግቢ በምቾት ይሸፍናል፤ ዝቅ ብላችሁ ካበረራችሁት ፎቶው ይጠራል፣ ቁጥሩ ግን ይበዛል። ደብዳቤ በሚጻፍበት ላፕቶፕ ሞክራችሁ ማሽኑ መሐል ላይ ደርቆ ቢቀር ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን የሠራው ሁሉ ንጋት ላይ ሊቋረጥ ይችላልና ላፕቶፑ ጤነኛ ባትሪ ይኑረው። እኛ ማታ አስጀምረን ጠዋት ማየትን ለምደናል።

መጫኑም ቢሆን እንደ ስልክ አፕ አይደለም። ዶከር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ መግባት አለበት፣ ከዚያ ብዙ ጊጋባይት ይወርዳል። ይህን ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ከተማ ላይ አንዴ ጨርሳችሁ ኑ። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለእኛ ትልቁ ነገር ይህ ነው። አልችለውም ለሚል በትንሽ ክፍያ የሚሸጥ ማስጫኛ አለ፤ የማሽን አቅም ለሌለውም በክፍያ ፎቶውን ተቀብሎ የሚሠራ አገልግሎት አለ። ክፍት ፕሮግራም ማለት ማንም ገንዘብ አያገኝበትም ማለት አይደለም። በርበሬ የሚያስፈጭ ሁሉ የቅመሙን ልክ ያውቃል፤ ያም ሆኖ የተዘጋጀ በርበሬ ይሸጣል፣ ይገዛል።

ፈቃዱ ኤጂፒኤል ይባላል። ለንግድ መጠቀምን አይከለክልም፤ የሠራችሁት ካርታም የእናንተ ነው። ግዴታው የሚመጣው ፕሮግራሙን ራሱን ለውጣችሁ ለሌላ ስትሰጡ ወይም በኢንተርኔት አገልግሎት አድርጋችሁ ስታቀርቡ ነው፤ ያን ጊዜ ለውጡን ለተጠቃሚው መግለጥ አለባችሁ። ከልጆቻችን አንዱ ተምሮ ለሦስት ገበያ ካርታ እየሠራ ቢያስከፍል ማንም አይጠይቀውም። ለሶፍትዌር ሊወጣ የነበረው ገንዘብ 32 ጊጋ ራም ላለው ላፕቶፕና ለአንድ ወጣት ሥልጠና ቢውል ሁለቱም እዚሁ ይቀራሉ።

የሚከፈልባቸው የሚበልጡበት ቦታ የለም ብንል ውሸት ይሆናል። ትልቅ ሥራ ላይ ፈጥነው ይጨርሳሉ፣ መለኪያና ሪፖርት ማውጫቸው የተስተካከለ ነው፣ ሲበላሽ ደውላችሁ የምትጠይቁት ሰው አለ። ለመንገድ ሥራ ተቋራጭ ወይም በየሳምንቱ የአፈር ክምር ለሚለካ ድርጅት ገንዘቡ ይገባዋል። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ግቢውን ለሚያስነሳ ማህበር ግን የዓመት ክፍያ መክፈል ለሠርግ ቀን ብሎ ድንኳን ዓመቱን ሙሉ እንደመከራየት ነው። ኦፕንድሮንማፕ ሲበላሽ የምትደውሉለት የለም፤ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ በጎ ፈቃደኛ እስኪመልስ ትጠብቃላችሁ። ይህን የማይችል ኮሚቴ ከመጀመሩ በፊት የሚያግዘውን ሰው ይፈልግ።

አሁን ወደ ገበያችን ጠባይ እንምጣ፤ ማስታወቂያው ላይ የማታገኙት ነገር እዚህ ነው ያለው። የእኛ ገበያ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ለእነዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ፣ ክፍትም ይሁን የሚሸጥ፣ ፈተና ነው። ሸንተረሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ፕሮግራሙ የትኛው ነጥብ የቱ እንደሆነ ይምታታበታል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ነጭ ሆኖ ያንጸባርቃል። ውጤቱ የቀለጠ የሚመስል ወይም የተቀደደ ጣሪያ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደመና ባለበት ቀን ወይም ፀሐይዋ ሳትበረታ አንሱ፣ መደራረቡን ወደ 80 በመቶ ከፍ አድርጉ፣ ሁለት ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ አብርሩ። ሰውና ጋሪ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ላይ ከተነሳ ግማሽ አካል ያላቸው ሰዎችና ሁለት ቦታ የቆመ አይሱዙ ታያላችሁ። ገበያው ሳይከፈት፣ ንጋት ላይ ይሁን። ሸራ የሚዘረጋበት ገበያ ከሆነ ደግሞ አንዴ ሸራው ሳይወጣ፣ አንዴ ከወጣ በኋላ ማንሳት ይሻላል፤ ከሸራ በታች ያለውን ማንም ፕሮግራም አያይም።

ስለ ጎርፍም እንዲሁ። ፕሮግራሙ የከፍታ ሥዕል ያወጣል፤ ውሃው ከየት ወደየት እንደሚወርድ ለማየት ይጠቅማል። መሬት የሚታይበት ግቢ፣ የከብት ማሳደሪያ ወይም የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ጥሩ ይሠራል። ጣሪያ ለጣሪያ በተያያዘ ተራ ውስጥ ግን የሚለካው የጣሪያውን ከፍታ ነው፤ በዚያ ሥዕል ተማምናችሁ ቦይ እንዳትቆፍሩ።

አንድ ቃል ደግሞ ብዙ ሰው ያጋጫል። በአማርኛ "ካርታ" ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ ሥዕሉ ነው፤ ሌላው ከማዘጋጃ ቤት የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። "ማህበሩ ካርታ አወጣልን" ሲባል የሰሙ እናቶች ባለይዞታ የሆኑ መስሏቸው እልል ሊሉ ይችላሉ። የድሮን ካርታ ይዞታ አይሰጥም። በዚህ ቀን እዚህ ቦታ ይህ ነገር ቆሞ ነበር ነው የሚለው። ድሮኑ የያዘው ጂፒኤስ ደግሞ እንደ ስልካችን ነው፤ ጠቅላላ ሥዕሉን በአንድ ጎን ጥቂት ሜትር ሊያንሸራትተው ይችላል። በሥዕሉ ውስጥ ከሱቅ እስከ ሱቅ ያለው ርቀት ለኮሚቴ ሥራ በቂ ነው፤ ሥዕሉ ከማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ጋር እንዲገጥም ከፈለጋችሁ ግን ቀያሽ መጥቶ መሬት ላይ ቢያንስ አምስት ምልክት በጥሩ መሣሪያ መለካት አለበት። ዌብኦዲኤም እነዚህን ነጥቦች ይቀበላል። ለቀያሹ የሚከፈለውን ገንዘብ አትሰስቱ።

ሥዕሉ ከተሠራ በኋላ የሱቆቹን ወሰን የምትሥሉበት ሌላ ክፍት ፕሮግራም ኪውጂአይኤስ ነው፤ ይህ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱም የሚገኝ ነው። የሱቅ ቁጥር፣ ተራ፣ የባለቤት ስም በአማርኛ ፊደል ይጻፍበታል። ሼፕፋይል በሚባለው አሮጌ ዓይነት ካስቀመጣችሁ ግን ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጥ ይችላልና በጂኦፓኬጅ አስቀምጡት። ኪውፊልድ የሚባለው የስልክ አፕ ደግሞ ያንኑ ካርታ ይዞ ተራ በተራ እየዞሩ ስም ለመሙላት ይሆናል። የገበያውን ታሪክ የሚያውቁት አባቶች ከወጣቱ ጋር አብረው ይዙሩ፤ "ይህ ሱቅ ድሮ የእነ እገሌ ነበር፣ በስጦታ ነው የተላለፈው" የሚለውን ድሮን አያውቀውም።

በአካባቢያችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዳሬሰላም ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ራማኒ ሁሪያ የሚባል ሥራ ተጀመረ፤ በስዋሂሊ ነጻ ካርታ እንደማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሠፈር ሰዎች አብረው ጎርፍ የሚያጠቃቸውን ሠፈሮች ቤት በቤት፣ ቦይ በቦይ ሣሉ፤ የድሮን ፎቶም ተጠቀሙ፣ ካርታውን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አኖሩት። በሚቀጥለው ዓመት ዛንዚባር ላይ የመሬት ኮሚሽኑ ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ኡንጉጃንና ፔምባን በትንንሽ ድሮኖች ማስነሳት ጀመረ፤ ከዛንዚባር መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተማሪዎችም ሠሩበት። ፎቶዎቹ ለማንም ክፍት ሆነው ወጡ። ሁለቱንም እናደንቃለን። ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ሳይጠበቅ የአገሩ ልጅ አገሩን ሊያነሳ እንደሚችል አሳይተዋል።

እኛ ግን አንድ ነገር ላይ ከእነሱ እንለያለን። ክፍት ፕሮግራምን የሚወዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፎቶውም ይከፈት ይላሉ። ለጎርፍ፣ ለጤና፣ ለከተማ ፕላን ይሁን። የነጋዴ ግቢ ግን ሌላ ነው። የመጋዘኑ ጓሮ የት እንደሆነ፣ አጥሩ በየት በኩል እንደተሰበረ፣ ማታ ስንት መኪና እንደሚያድር፣ የማን ግቢ ውስጥ ስንት ግመል እንደታሰረ 3 ሳንቲሜትር ድረስ አጥርቶ ለዓለም መለጠፍ ለሌባም ለቀማኛም መንገድ መጥረግ ነው። አጠገቡ ያሉ ቤቶች ግቢ ውስጥ የሚታጠብ ልጅ፣ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ይታያል። ኬንያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላት። ፕሮግራሙ ክፍት ይሁን፣ ፎቶው ዝግ። ሁለቱ አይጋጩም፤ ፕሮግራሙ በራሳችን ማሽን ስለሚሠራ ነው እንዲያውም ፎቶውን መዝጋት የምንችለው።

ፈቃድን በተመለከተ ማንም እንዳያታልላችሁ። ኬንያ ውስጥ የ2020 የድሮን ደንብ አለ፤ ምዝገባውም ፈቃዱም በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቅድመ ፈቃድ ድሮን በሻንጣ ይዞ ቦሌ መውረድ ጉምሩክ ላይ ተነጥቆ መቅረት ነው፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሳያውቀው የሚሆን ነገር የለም። ሞያሌ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከአንዱ ወገን የተነሳ ድሮን ንፋስ ገፍቶት መስመሩን ቢያልፍ ፓስፖርት ማስመታት አይችልም። በድንበር ከተማ ለሁለቱም ወገን አስተዳደር ሳታሳውቁ እንዳታስነሱ። ከራሱ ፈቃድ ያለው አብራሪ መቅጠር ይሻላል፤ ማህበሩ ድሮን መግዛት አያስፈልገውም። ፎቶ ማንሳቱን ለባለፈቃዱ ስጡ፣ ካርታ መሥራቱን በእጃችሁ ያዙ።

ከአብራሪው ጋር ስትዋዋሉ እነዚህ ነገሮች በጽሑፍ ይግቡ። ከካሜራው እንደወጡ ያልተነኩ ፎቶዎች ሁሉ በዕለቱ በዲስክ ይረከቡ፤ በዋትስአፕ የተላከ አይቆጠርም፣ ዋትስአፕ ፎቶውን አሳንሶ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን የቦታ መረጃም ያጠፋበታል። ፎቶዎቹ የማህበሩ ናቸው፤ አብራሪው ያለ ፈቃድ አይሸጥም፣ አይለጥፍም። ካርታውንም እሱ የሚሠራ ከሆነ በጂኦቲፍ ፋይል ያስረክብ እንጂ በሊንክ አይሁን። የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ የበረራው ከፍታ፣ የተጠቀመበት ፕሮግራም ስምና ቁጥር በአንድ ወረቀት ተጽፎ ይፈረም። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ፎቶ በራሱ ማሽን አስገብቶ የሥዕሉን እውነተኛነት ሊያጣራው ይችላል። በክፍያ ብቻ በሚከፈት ፕሮግራም ይህን ለማድረግ ተከራካሪውም ዳኛውም መጀመሪያ ፈቃድ መግዛት ይኖርባቸዋል።

ዲስኩ ሦስት ቅጂ ይሁን። አንዱ ሊቀመንበሩ ዘንድ፣ አንዱ ከኮሚቴው ውጭ ባለ ታማኝ ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ ሊቀመንበር ይለወጣል፣ አንዳንዱም ከዲስኩ ጋር ይሄዳል። ሦስተኛው ከገበያው ውጭ፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ይደር፤ ቢሮው ገበያው ውስጥ ያለ ማህበር ሦስቱንም አንድ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጠ እሳቱ ሲመጣ ሱቁንም ካርታውንም አንድ ላይ ይወስዳቸዋል። የናይሮቢ ረጅሙ ዝናብ በመጋቢት ስለሚጀምር እዚያ ያላችሁ ማህበራት ከጥር በፊት ፈቃድ ያለው አብራሪ ይዛችሁ ወረቀቱን ብታስጀምሩ፣ ደረቁ ወቅት ሳያልፍ አንድ ንጋት ይበቃችኋል።